ከጣራችን የተነቀለው ሰምበሌጥ

ዓይኔን ስገልጥ አማቴ እመት ታንጉት የተደፋ ሙቀጫ ላይ ቆመው የገዛ ቤታቸውን ጣራ ይነቅላሉ። ከመኝታዬ በላይ፣ ከምሰሶው በስተቀኝ፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ክዳኑ ውስጥ ከተው ይጎትታሉ፤ ጥላሸቱ በነጠላቸውም በእኔም ላይ ይረግፋል። አበዱ አልኩ። ልጃቸው ከታሰረ ስምንት ወር ሆኖታል፤ ሰው ከዚህ ባነሰም ያብዳል። አንድ ክንድ ሙሉ ሰምበሌጥ መዘው ሲያወጡ ሰማዩ በቀዳዳው ብቅ አለ። የዚያን ቀን መንጋቱን ያወቅሁት በበር ሳይሆን በጣራ ነው።

«እመይቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ቡሬ እንሄዳለን፤ ተነሺ።»

ሌላ ቃል የለም። ላቀው ከታሰረ ወዲህ እኔና እሳቸው የምንነጋገረው ስለ ውሃ፣ ስለ እንጨትና ስለ ላሚቱ ብቻ ነበር። ስሙን አንጠራም። እሳቸው ቢጠሩት እኔ አለቅሳለሁ፣ እኔ ብጠራው እሳቸው ያለቅሳሉ፤ ሁለታችንም ሰው ፊት ማልቀስ የማንወድ ኩሩዎች ነንና በአንድ ምሰሶ ግራና ቀኝ ዝም ተባብለን ከረምን። ላቀው ለእኔ ባሌ ነው፣ ለሳቸው አንድ ልጃቸው። እንደ ሟች አባቱ እንደ ክንዱ ቤት ከዳኝ ነበር። ከቡሬ እስከ ማንኩሳ እንደሱ ጉልላት የሚያስር የለም ይባል ነበር፤ እኔም እላለሁ፣ ባሌ ስለሆነ አይደለም። የታሰረውም በዚሁ ሙያው ነው። ልጇ ጫካ የገባባት አንዲት መበለት ቤቷ ቢያፈስባት ሄዶ ከደነላት። ጣሊያን ይህን ሰማና «የሽፍታ እናት ቤት ከድነሃል» ብሎ ቡሬ ምሽጉ ውስጥ ከተተው። ለመንገዱ ድንጋይ ይፈልጣል አሉን። ስንቅ ይዘን በሄድን ቁጥር ስንቁ ይገባል፣ እኛ አንገባም።

ባለፈው ገበያ ነጋሪት ተጎስሞ ነበር። ጣሊያን ለዱቄቱና ለበቅሎዎቹ ገብስ መጋዘን የሚሉት ትልቅ ቤት ሠርቷል፤ ቆርቆሮውን የጫኑት መኪናዎች ግን ከደምበጫ ወዲህ አልደረሱም። ማን እንዳስቀራቸው ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ያ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ ነበር፤ ለሰኔ ሚካኤል አራት ቀን ሲቀረው ገና መሬቱ አልራሰም። አሁን ግን ደመናው በምዕራብ በኩል ቆሞ ያጉረመርማል። ስለዚህ አዋጁ፣ «መጋዘኑን በሰምበሌጥ የሚከድን ያገሬው ሰው ናሙና ነዶ ይዞ ምሽጉ ፊት ይቅረብ፣ ዋጋውን ይናገር፣ ያነሰ ዋጋ የተናገረ ኮንትራቱን ይወስዳል» አለ። ዛሬ ጨረታ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። የልጅ ልጄ ፍኖተ ሰላም ላይ ዋጋውን በፖስታ አሽጎ ያስገባና እንቅልፍ ያጣል። ያኔ ግን ፍኖተ ሰላምም ገና ወጀት ነበር የምትባለው፤ ጨረታ የሚባል ነገርም በጆሯችን አልደረሰም።

ቡሬ ከቤታችን የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። እመይቴ ጥቁሩን ነዶ በልጥ ጠፍረው አሰሩና በጀርባቸው አዘሉት፣ ልጅ እንደሚታዘል። ልሸከምልዎ ብል ገላመጡኝ። ስንደርስ ገበያው ተተክሏል። ጨው በምሽጉ ምክንያት ተወዷል፣ አንዱ አሞሌ የድሮውን ሁለት እጥፍ ሆኗል፤ በርበሬም እንዲሁ። የጨውና የአቡጀዲ ነጋዴው ከድር ዳሱ ሥር ቁጭ ብሏል፤ አንዲት ሴት ታከራክረዋለች። እኔም ጨው ያልቅብኛል ብዬ ፈጥኜ ጠጋ አልኩና፣ «ለእኔስ በስንት ትለዋለህ?» ልል አፌን ስከፍት እመይቴ ክንዴን ቆነጠጡኝ።

«የሰው ገበያ ነው!»

አፈርኩ። እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር ሰው ዋጋ ጀምሮ ሳለ ሌላው መሀል አይገባም። ይግዛም አይግዛም፣ እስኪጨርስና ፊቱን እስኪያዞር ድረስ እጅህን አጣጥፈህ ትጠብቃለህ። የገባ ሰው ቢሞት እንኳ ለቀስተኛው ያንን እያነሳ ነው የሚያለቅሰው። ከድር ራሱ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ስንት ጊዜ ጎረቤቱ ነጋዴ ከገዢ ጋር ሲነጋገር እሱ ጨዉን በጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሌላ ሲያይ አይቼዋለሁ። ሴትዮዋ ስትሄድ ቀና ብሎ፣

«እመት ታንጉት፣ ይህ የታዘለው ምንድን ነው?» አለ።

«ዋጋዬ ነው» አሉት።

ነዶውን አየው፣ ጥላሸቱን አየው። ከድር ቤቱን ያስከደነው በክንዱ እጅ ነውና የማን ሥራ እንደሆነ አልጠየቀም። ሸቀጡን ለሚስቱ ለናዚፋ ትቶ ከኋላችን መጣ።

ምሽጉ ፊት ስንደርስ እኔ እግሬ ቆመ። ያን የሚያህል ቤት አይቼ አላውቅም። ከቤተ ክርስቲያን የሚበልጥ ቤት ሰው ለገብስ ይሠራል ብሎ ማን ያስባል? ክብ አይደለም፣ ረጅም ነው፤ ወራጁና ማገሩ ብቻ ቆሞ ሥጋው ያለቀ የበሬ ጎድን ይመስላል። በሥሩ ከረጢት በከረጢት ላይ ተከምሮ በሸራ ተሸፍኗል። ጠላት ነው፣ እጠላዋለሁ፤ ግን አፌ ተከፍቶ ቀረ። አንድ ሰው «ይሠራ» ሲል ይህን ያህል እንጨት ካገር ሁሉ ተነቅሎ መምጣቱ አስፈራኝ። ወራጁ መሀል የእኛም ወንዝ ዳር ባሕር ዛፍ እንዳለበት አውቃለሁ።

ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ከጥላ ሥር መኮንኑ ተቀምጧል። ቀጭን ነው፣ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ፣ አሥር ጊዜ ሰማዩን ያያል። ከጎኑ አስተርጓሚው ክንፈሚካኤል ቆሟል፤ የቄስ ልጅ ነው፣ ጫማ ካደረገ ወዲህ ሰላምታ የሚሰጠው ሰው ቀንሶበታል። ለጨረታው የመጡት ወንዶች አርባ ያህል ይሆናሉ፤ ሁሉም ባለፈው ኅዳር የታጨደ ወርቅ የመሰለ ሰምበሌጥ ይዘዋል። እመይቴ ጥቁሩን ነዶ ከጀርባቸው አውርደው መሀላቸው ሲቆሙ ሳቅ ተነሳ። ከማንኩሳ የመጣው ዘሩ የሚባል ከዳኝ፣

«እመት ታንጉት፣ ማድቤቱ ተቃጠለ እንዴ?» አለ።

«የለም ዘሩ። ያንተ ቤት ያፈሰሰ ጊዜ ልጆችህ እኔ ዘንድ ያደሩት በዚህ ሥር ነው፤ ረሳኸው?»

ሳቁ ወደ ዘሩ ዞረ። ዘሩም አብሮ ሳቀ፣ ምን ያድርግ።

መኮንኑ በአስተርጓሚው በኩል ይህች አሮጊት ምን ፈልጋ ነው፣ ይህ ቆሻሻስ ምንድን ነው አለ። እመይቴ የበቅሎ ማጠጫውን ባልዲ አሳዩኝና «ውሃ አምጪ» አሉኝ። አመጣሁ። ጠረጴዛው ዘንድ ሄደው ነዶውን በሁለት እጃቸው አዘንብለው ያዙት፤ የያዙት በባዶ አየር ላይ እንዳይመስላችሁ፣ በመኮንኑ ወረቀቶች ላይ ነው፤ ማህተም ባለባቸው፣ ቀለማቸው ገና ባልደረቀው ወረቀቶች ላይ።

«አፍስሺ» አሉኝ።

 ዘብ የቆመው አስካሪ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ክንፈሚካኤል «እማማ፣ በእመቤቴ፣ ይተዉ!» አለ። እመይቴ ግን እኔን ነው የሚያዩት። እሳቸው እንደዚያ ሲያዩ ዓለም ቢገለበጥ እንቢ አይባልም። ባልዲውን አንስቼ አፈሰስኩት፣ ሙሉውን። ውሃው በጥቁሩ ሰምበሌጥ ጀርባ እንደ እባብ ተስለከለከና በጫፉ በኩል መሬት ላይ ወረደ። የመኮንኑ ቦት ራሰ። ወረቀቱ ላይ አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። እመይቴ ነዶውን ገልብጠው ሆዱን በጣታቸው ከፈት አድርገው አሳዩት፤ ውስጡ እንደ ዱቄት ደርቋል።

«አሥራ ሰባት ክረምት ዘንቦበታል በለው። የዛሬው አሥራ ስምንተኛው ነው።»

ወንዶቹ የያዙትን ወርቅ የመሰለ ነዶ ዝቅ ዝቅ አደረጉት። መኮንኑ ወረቀቱን በእጁ ዳሰሰው፣ ደግሞ ዳሰሰው። ከዚያ ቦቱን አየ፣ ሰማዩን አየና «ዋጋ» አለ። ይህችን በአማርኛ ነው ያላት።

«ሦስት መቶ ጠገራ ብር፤ የጣሊያን ሊሬ አልቀበልም» አሉ እመይቴ።

 መጋዘኑ ከነሰምበሌጡ፣ ከነልጡ፣ ከነጉልበቱ መቶ ጠገራ ቢያወጣ ነው፤ ይህን እኔ እንኳ አውቃለሁ። ግን ገበያ ላይ ሻጭ ከላይ ነው የሚጀምረው፤ ገዢ ይሰድባል፣ ሻጭ ይምላል፣ ከዚያ መሀል ላይ ይገናኛሉ። እመይቴም መኮንኑ እስኪሰድባቸው እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። መኮንኑ ግን አልሰደበም፤ ወደ አርባው ወንድ ዞሮ «ከዚህ የሚያንስ?» አለ።

ዝም።

አስተርጓሚው ደገመው። «ከሦስት መቶ የሚያንስ የሚናገር!»

ዝም። ዘሩ እግሩን ያያል። ጎኑ ያለው ነዶውን እያየ ይተክዛል። አርባ ሰው፣ ሁሉም ችግረኛ፣ ሁሉም ለዚሁ ብሎ ሌሊት የተነሳ፣ በመቶ አሥርም በመቶ ሃያም ዘሎ የሚወስድ፤ ግን እመት ታንጉት ዋጋ ጀምረዋል። የሰው ገበያ ነው። አዋጁ ስለ ማነስ ሲናገር የሰማነው እያንዳንዱ በተራው ከጣሊያን ጋር የሚከራከር መስሎን ነው እንጂ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ከላዩ ላይ ይቁረጥበት ማለት መሆኑን ማን ጠረጠረ? እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ልጅ በአዋጅ ይነገራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እኔ ከዚያ በፊት ዝምታ የሰማሁት ቤታችን ውስጥ ነው፤ ያኛው ጠባብ ነበር። ይህኛው ሜዳ ሙሉ ነው። በቅሎዎቹ እንኳ ማኘካቸውን የተዉ መሰለኝ።

መኮንኑ ተቆጣ። ጠረጴዛውን መታ። ተማክራችሁ ነው፣ ዓመፅ ነው አለ። ቀጥሎ ክንፈሚካኤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለን፦ «ደንቡ ቢያንስ ሁለት ዋጋ ይላል። ሌላ ሰው ዋጋ ካልተናገረ ጨረታው ፈርሷል። ሰዉን ሁሉ ያለ ዋጋ በግዴታ ያስከድናል። እማማም ወደ ቤታቸው ይሂዱ።»

እመይቴ ያኔ ፊታቸው ተለወጠ። ቤታቸውን የነቀሉት፣ ያን ነዶ የተሸከሙት ለጠገራ እንዳልሆነ ከአገጫቸው መንቀጥቀጥ ገባኝ። አንድ ነገር ሊጠይቁ ነበር የመጡት፣ የሚጠይቁበትም በር እየተዘጋ ነው። ወንዶቹን አንድ በአንድ አዩ። ግቡብኝ አይሉም፤ እንዴት ተብሎ ይባላል? ወንዶቹም አይገቡም። በምዕራብ ነጎድጓድ ተንከባለለ።

ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ።

«ሦስት መቶ ሃምሳ።»

ከድር ነው። ነዶም የለው፣ መሰላል ወጥቶም አያውቅ። ኩታውን አስተካክሎ ወደፊት ወጣና ደግሞ ተናገረው፣ «በሦስት መቶ ሃምሳ እከድናለሁ።» ከአጥሩ ማዶ የቆሙት ሴቶች አጉረመረሙ። አንዷ «አይ ከድር! በመበለት ገበያ!» ብላ ተፋች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ተፋሁ። የተፋሁት ጫማው አጠገብ ነው የወደቀው፣ ዛሬም ድረስ ይታየኛል። ሁላችንም የሰማነው መግባቱን ነው እንጂ የተናገረው ከሳቸው በላይ መሆኑን ማንም ልብ አላለም። መጀመሪያ የገባው ለዘሩ ነው። ሲገባው አየሁት፤ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆመና፣

«አራት መቶ!» አለ።

«አራት መቶ ሃምሳ!» አለ ጎኑ ያለው።

«አምስት መቶና የመኮንኑ በቅሎ!» አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

ክንፈሚካኤል ሲያስተረጉም ከንፈሩን ይነክሳል። የመኮንኑ ብዕር ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ። እጁ ላይ አምስት ዋጋ አለ፣ ደንቡ ሞልቷል፤ የሁሉ አነስተኛ ደግሞ የአሮጊቷ ሦስት መቶ ነው። ሊያፈርሰው አፉን ሲከፍት የመጀመሪያው ፍሬ ዝናብ የዱቄቱ ሸራ ላይ «ጧ» አለ። ሁላችንም ሰማነው። ሁለተኛው ወረቀቱ ላይ ወደቀ።

«ሦስት መቶ ዝርፊያ ነው!» አለ መኮንኑ።

እመይቴ ደስ አላቸው። እውነቴን ነው፣ ፊታቸው በራ። ሰደባቸው፤ ገበያ ተጀመረ ማለት ነው።

«እንግዲያስ ሁለት መቶ ሃምሳ በለው፤ ከዳኜን ከሰጠኝ።»

«ከዳኝሽ ማን ነው?»

«እሱ ዘንድ ያለ ነው። ድንጋይ ያስፈልጠዋል። ላቀው ክንዱ።»

ስሙን ጠሩት። ስምንት ወር ያልተጠራውን ስም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ድምፃቸው ሳይሰበር። እኔ ባልዲውን ደረቴ ላይ አቀፍኩ። መኮንኑ መዝገብ አስመጥቶ ጣቱን በመስመሩ ላይ ሰደደና ራሱን ነቀነቀ፤ ይህ የሽፍታ ወገን ነው አለ።

«ሁለት መቶ፤ እግር ብረቱን ከፈታለት። በእግር ብረት መሰላል አይወጣም።»

መኮንኑ ሰማዩን አየ።

«መቶ ሃምሳ፤ ማታ ማታ ቤቱ ካደረ።»

«እማማ፣ አይበዛም?» አለ ክንፈሚካኤል በራሱ።

«አንተ አስተርጉም። መቶ፤ ክዳኑ ሲያልቅ ወደ ድንጋዩ ካልተመለሰ።»

ያኔ ነው የገባኝ። መቶው የክዳኑ ዋጋ ነው፤ ማንም የሚለው ዋጋ። ሁለት መቶው የላቀው ነው። በቤታችን አሥር ጠገራ አንድ ላይ ተቀምጦ አያውቅም፤ እሳቸው ግን ያልነበራቸውን ሁለት መቶ ጠገራ ከባዶ አፋቸው አውጥተው፣ ሃምሳ ሃምሳውን ቆጥረው ልጃቸውን ገዙት። ፊደል አይቆጥሩም፣ ጨረታ ምን እንደሆነ አያውቁም። እንደዚያ ያለ ሰው ከዚያ በኋላም አላየሁም፤ ብዙ ሰው አይቻለሁ፣ የተማረም።

መኮንኑ በመቶው ተስማማና ዋስ ጠራ። ሰውዬው ቢጠፋ ዋሱ ይሰቀላል። እመይቴ «እኔ» ቢሉ ሴት ዋስ አትሆንም ተባሉ። ከድር የተፋንበትን ጫማውን እየጎተተ እንደገና ወጣ።

«ሱቄም እኔም የትም አንሄድም፤ ጻፉኝ» አለ። ወደ ቦታው ሲመለስ እመይቴ አጠገብ ቆም አለ።

«ገበያዬ ገባህ፣ ከድር።»

«ገባሁ እመት። ዋጋም አበላሸሁ።»

«አበላሸህልኝ» አሉና ትከሻውን ሳሙት። እኔ ልቀርበው አፍሬ ቀረሁ። ይቅርታ ያልኩት በዓመቱ ነው፤ እሱም «ምኑን?» ብሎ ካደኝ።

ላቀውን አወጡት። በሩ ተከፍቶ የወጣው ሰው የላቀውን ቁመት ይዟል፣ ሌላ አልያዘም። እኔ ፊቱን አየሁ። እመይቴ ፊቱን አላዩም፤ እጁን ነው ያዩት፣ እንደ ከዳኝ ሚስት፣ እንደ ከዳኝ እናት። እኔም ዓይናቸውን ተከትዬ አየሁ። የቀኝ እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት አብጠው ደርቀዋል፣ አይታጠፉም፤ የፈለጠው ድንጋይ መልሶ ፈልጧቸዋል። በዚያ እጅ ልጥ አይጠበቅም፣ ጉልላትም አይታሰርም። መኮንኑ ገና ማህተሙን አልመታም። እመይቴ ሁለት እርምጃ ተራምደው ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱና፣ የበረደው ይመስል፣ በልጃቸው ትከሻና እጆች ላይ አጣፉት። በሰው ፊት ራሳቸውን ገልጠው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ ፀጉራቸው ነጭ ሆኖ ኖሯል።

ክንፈሚካኤል አይቷል። በጣም ቅርብ ነበር፣ ዓይኑ እጁ ላይ ሲያርፍ አይቻለሁ። ብዕሩን ያዘ፣ እመይቴን አየ፣ ራሳቸውን አየ። ከዚያ ለመኮንኑ በቋንቋው አጭር ነገር ተናገረ። ምን እንዳለው አላወቅሁም፤ እስከ ዛሬም አላውቅም። መኮንኑ ማህተሙን መታ። እመይቴ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ ጫኑት፤ ከቀለሙ ጥላሸቱ በልጦ ታየ። ከዚያ ወዲህ ክንፈሚካኤልን መንገድ ላይ ሳገኘው እጅ እነሳ ነበር። ለጣሊያን የሚያገለግል ነው ያሉኝም አሉ። ላቀውንም ለጣሊያን ከደነ የሚሉ አሉ። ይበሉ፤ ምላሳቸው ነው፣ ቤታቸው አያፈስም።

ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን። እመይቴ ከፊት፣ እሱ መሀል፣ እኔ ከኋላ። እግር ብረት የለመደ እግር ስለሆነ አጭር አጭር ይራመዳል፤ እኛም ሳንነጋገር እርምጃችንን አሳጠርን። የፈጣምን ወንዝ እንደተሻገርን ዝናቡ ለቀቀው። የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ እያለች የሚዘንብ ዓይነት ነው። እንጠለል አላልንም። ስምንት ወር ስለዚያ ቀን ሳስብ ኖሬያለሁ፤ ሲመጣ ምን እለዋለሁ፣ ምን ይለኛል ብዬ። ስንት ቃል አዘጋጅቼ ነበር። አንዱም አልመጣልኝም።

በሩን ገፍተን ስንገባ መደቡ ላይ ኩሬ ተኝቷል። ውሃው ጠዋት በተነቀለው ቀዳዳ እንደ ገመድ ይወርዳል። ላቀው ቀና ብሎ አየ። ፊቱ ደም ለበሰ፤ ከእስር ከወጣ ጀምሮ ያየሁት የመጀመሪያው ቁጣ፣ የመጀመሪያው ነገር።

«ይህን ማን ነቀለው?» አለ። «የአባቴን ክዳን ማን ነው የነቀለው?»

እናቱ ፊታቸውን ወደ ጓዳ አዙረው ቆሙ፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁም።  እሱ ከቆጡ ላይ የልጥ ጥቅሉን አወረደ፣ ሙቀጫው ላይ ወጣ፣ ማገሩ ላይ አዞረና ሊያስር ሳበ። ልጡ ከጣቶቹ መሀል ሾልኮ ወደቀ። ደግሞ አነሳው፣ ደግሞ ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ አላነሳውም። ሙቀጫው ላይ እንደቆመ እጁን ያየው ጀመር፣ ውሃው በአናቱ ላይ እየወረደ።

«ነገ ለመጋዘኑ አርባ ሰው ይመጣል» አሉ እመይቴ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «እጅ ሞልቷል። የሚያሳያቸው ዓይን ነው የሌላቸው። አንተ ሥር ቁጭ ብለህ ተናገር።»

«እናቴ፣ ጉልላቱስ?»

ያኔ ልጡን ከመሬት አነሳሁ። በእኛ አገር ሴት ጣራ ላይ አትወጣም፣ ነውር ነው፤ ይህን ሳልነግራችሁም ታውቁታላችሁ። ነገር ግን ከድር በጠዋቱ ለእኛ ብሎ ነውር ተሸክሟል፣ እመይቴም ራሳቸውን ገልጠው ውለዋል፣ እኔ ከሰው ምን እለያለሁ? ቀሚሴን በመቀነቴ ሸብ አደረግሁና ወጣሁ። መሰላሉን ከጓሮ አስጠጋሁ፣ ከጓዳ ያገኘሁትን አንድ ክንድ ደረቅ ሰምበሌጥ በብብቴ ይዤ በሆዴ እየተሳብኩ ቀዳዳው ዘንድ ደረስኩ። ከዚያ ላይ አገሩ ሁሉ ይታያል። በቡሬ መንገድ ነዶ የተሸከሙ ሰዎች በዝናቡ ውስጥ ሰልፍ ይዘው ወደ ምሽጉ ይሄዳሉ፤ ከፊት ያለው ዘሩ መሰለኝ። ላልተነገራቸው ሥራ፣ ላልተከፈላቸው፣ ነዶውን ዛሬውኑ ሊያደርሱልን። ዓይኔን አሸሁት፤ እውነት ነው።

ወደ ቀዳዳው ስመለከት ላቀው ከሥር ቀና ብሎ ያየኛል። ዝናቡ ፊቱን አጥቦታል፤ የድንጋዩ አቧራ ወርዶ የራሱ ፊት ወጥቷል።

«ወጣሽ?» አለኝ። ለእኔ የተናገራት የመጀመሪያዋ ቃል ይህች ናት።

«ወጣሁ።»

«እንግዲህ ሥሩን ወደ ታች፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርጊ። የለም፣ እንደሱ አይደለም። አዘንብዪው። አዎ።»

ልጡን በቀዳዳው አሾልኬ እሰጠዋለሁ፤ እሱ በማገሩ ላይ አዙሮ በመዳፉ ወደ እኔ ይገፋልኛል። አንድ ጭብጥ ስጨምር ፊቱ በአንድ ጭብጥ ይጠባል። አገጩ ጠፋ፣ ጉንጩ ጠፋ፣ አንድ ዓይን ቀረ፤ ያም ዓይን ልጡን እንጂ እኔን አያይም፣ ሙያው ላይ ነው። የመጨረሻውን ጭብጥ ሳስገባ እሱም ተሸፈነ። ድምፁ ብቻ ከሥር፣ ከደረቁ ቤት ውስጥ መጣ።

«አሁን አጥብቂው።»

አጠበቅሁት።